ስኳሩም ጨውም ጋሪው ላይ ነበር

ዓርብ ማታ፣ ካንሳስ ሲቲ

የኪራዩ ጭነት መኪና ጢም ብሎ ሞልቷል። ሳሎን ውስጥ ግን ገና ምጣድ፣ መሶብ፣ ሁለት ካርቶን በርበሬና ሽሮ፣ ሃያ ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጀሪካን ቁጭ ብለዋል።

«እትዬ፣ ምጣዱን እዚያው እንገዛለን» አልኳት። ሰምታኛለች፤ መልስ ግን የለም። ዝም ብላ የእኔን ሁለት ካርቶን መጽሐፍ አወረደችና በቦታው ምጣዱን ከተተች። ጀሪካኑን ደግሞ ከቧንቧ ሞልታ ጋቢና ውስጥ እግሯ ሥር አስቀመጠችው።

«ይኼ ምን ያደርጋል? በየመንገዱ ነዳጅ ማደያ አለ እኮ።»

«ውሃ ነዋ!» አለችኝ። በቃ፣ ማብራሪያው ይኸው ነው።

እትዬ ነርስ ናት። ፖርትላንድ፣ ኦሪገን አዲስ ሥራ አግኝታለች። እኔ ታናሽ ወንድሟ ሾፌርም ተሸካሚም ሆኜ ላደርሳት ነው። በቀጥታው አውራ ጎዳና ሦስት ቀን ይበቃ ነበር። ስድስት ቀን እንድትሰጠኝ ለመንኳት። ምክንያቱም ከዚህ ተነስቶ ኦሪገን የሚደርስ አንድ የድሮ መንገድ አለ፤ «ኦሪገን ትሬል» ይሉታል። ከ1840ዎቹ እስከ 1860ዎቹ ባለው ጊዜ ከ300,000 በላይ ሰው በዚህ መንገድና ከእሱ በሚገነጠሉት ሌሎች መንገዶች በበሬ ጋሪ ወደ ምዕራብ ተሰዷል። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ርዝመቱ 3,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

«ስድስት ቀን ሙሉ መኪና ውስጥ?» አለች።

«እነሱ አምስት ወር ነው የፈጀባቸው።»

«እነሱ ሰኞ ሥራ አይጀምሩም ነበር» ብላ ሄደች። ግን እሺ ብላለች።

ቅዳሜ፣ ከኢንዲፔንደንስ እስከ ኪርኒ

ኢንዲፔንደንስ ዛሬ ከካንሳስ ሲቲ ጋር የተያያዘች ጸጥ ያለች ከተማ ናት። በ1840ዎቹ ግን ጸደይ በመጣ ቁጥር ግርግሯ ሌላ ነበር። በሬ የሚገዛ፣ ጋሪ የሚያሠራ፣ ዱቄት የሚያስመዝን። ከጋሪ ሠሪዎቹ አንዱ ሃይረም ያንግ የሚባል ጥቁር ሰው ነው። ባሪያ ነበር፤ ነጻነቱን በገንዘቡ ገዝቶ ወጣ። በ1850 እዚህ መጥቶ የጋሪ መሥሪያ ከፈተ። በአሥር ዓመት ውስጥ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ቀንበርና በመቶዎች የሚቆጠር ጋሪ የሚያወጣ ባለጸጋ ሆነ። እሱ የሠራውን ጋሪ ይዘው የሄዱት ሰዎች የደረሱበት አገር እሱን ራሱን ያስገባው ነበር ወይ? የዚህን መልስ ሐሙስ እመለስበታለሁ።

ጋሪው በፊልም እንደምናየው ግዙፍ አይደለም። ሣጥኑ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ነው። ከላይ የተልባ ዘይት የጠጣ የጥጥ ሸራ ይለብሳል፤ ዝናብ እንዳያስገባ። የሚችለው አንድ ቶን ያህል ነው። ሰው አይሳፈርበትም ማለት ይቻላል። ሞላ የሌለው ጋሪ አጥንት ያላቅቃል፤ ለበሬዎቹም ሸክም ነው። ስለዚህ ትንሽ ትልቁ በእግሩ ነው የሄደው። ሽማግሌ፣ በሽተኛና ሕፃን ብቻ ይጫናል።

ለምን በሬ? ፈረስ ይፈጥናል፤ ግን እህል ይፈልጋል። በቅሎ ውድ ናት። በሬ ዋጋው ርካሽ ነው፤ የሜዳውን ሣር ግጦ ያድራል፤ የባሰ ቀን ሲመጣም ይበላል። እርሻ አይቶ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ስንቁን ለእትዬ አነበብኩላት። በ1845 የወጣ አንድ የመንገደኞች መመሪያ ለአንድ አዋቂ ሰው የሚከተለውን ያዛል፦ ወደ 90 ኪሎ ዱቄት፣ 70 ኪሎ ገደማ በጨው የታሸ የአሳማ ሥጋ፣ 9 ኪሎ ስኳር፣ 4 ኪሎ ተኩል ቡና፣ 4 ኪሎ ተኩል ጨው።

«ቡናው ያንሳል» አለች ወዲያው።

የመመሪያው ጸሐፊ ላንስፎርድ ሄስቲንግስ ይባላል። ስሙን ያዙልኝ።

የመነሻው ቀን ራሱ ትልቅ ስሌት ነበር። በሚያዝያ መጀመሪያ ከተነሱ ሣሩ አልበቀለም፤ በሬው ይራባል። ከግንቦት ካለፉ ደግሞ ምዕራብ ካሉት ተራሮች ሳይሻገሩ በረዶ ይቀድማቸዋል። መሀል ላይ ያለችው ቀጭን ጊዜ ናት።

ከሰዓት በኋላ ካንሳስ ውስጥ አልኮቭ ስፕሪንግ የሚባል ምንጭ ጋ ወረድን። ዛፍ የበዛበት፣ ድንጋይ ላይ ውሃ ቁልቁል የሚንጠባጠብበት ቦታ ነው። በግንቦት 1846 ከኢሊኖይ የመጡ ሁለት ቤተሰቦች፣ ሪዶችና ዶነሮች፣ ከሌሎች መንገደኞች ጋር እዚህ ቆመው ነበር። ወንዙ ሞልቶባቸው። ጄምስ ሪድ ስሙንና ቀኑን ድንጋይ ላይ ቀርጿል። አማቱ ሣራ ኪስ ሰባ ዓመት ገደማቸው ነበር፤ ታመዋል። ከልጃቸው አልለይም ብለው ነው የተነሱት። በግንቦት 29 እዚሁ ዐረፉ። ዛፍ ሥር ቀበሯቸው።

እትዬ ምልክቱ ጋ ትንሽ ቆመች። «እማማን ያመጣናት ጊዜ ትዝ አለኝ» አለች። ሌላ አልተናገረችም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ማታ ኪርኒ፣ ነብራስካ ደረስን። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የነዳነው። ጋሪ ደህና ቀን ከዋለ 24 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሦስት ሳምንታቸውን በአንድ ቀን በላነው ማለት ነው።

እሑድ፣ ከኪርኒ እስከ ስኮትስብላፍ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የፕላት ወንዝን ይዘን ነው የሄድነው። ወንዙ ሰፊ ነው፤ ጥልቀት የለውም። ደፍራሽ። መንገደኞቹ «ለመጠጣት ወፍራም፣ ለማረስ ቀጭን» እያሉ ያሾፉበት ነበር። ግን ለሳምንታት ሌላ ውሃ የለም።

ዛፍም የለም። ታዲያ በምን ያበስላሉ? በኩበት! የጎሽ ኩበት። ሴቶቹ መጀመሪያ በሁለት ጣት እያነሱ ይጸየፉት ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሽርጣቸውን ዘርግተው ይለቅማሉ። ይህን ስነግራት እትዬ ሳቋ አላቆመም። «እንኳን ፈረንጅ ኩበት ለቀመ!» እያለች። ያያታችን ጓሮ የኩበት ክምር ነው ትዝ ያላት።

ከዚህ በኋላ ያለው አያስቅም።

የመንገዱ ዋና ገዳይ ማን ነው ብትሉ ብዙ ሰው «ቀይ ህንዶች» ይላል። ፊልሙ እንዲያ ነው ያስተማረን። አንድ የታሪክ ምሁር የየዘመኑን መዛግብት ቆጥሮ ከ1840 እስከ 1860 ድረስ በአገሬው ሰዎች የተገደሉት መንገደኞች 362 መሆናቸውን አግኝቷል። በመንገደኞች የተገደሉት የአገሬው ሰዎች ደግሞ 426። በመንገዱ ላይ የሞተው ሰው ጠቅላላ ግምት ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠራው 20,000 ነው። ያ ሁሉ ሰው የት ገባ? ጥቂቱ ወንዝ ወሰደው፤ ጥቂቱን የራሱ ጠመንጃ ባርቆ ገደለው፤ ጥቂቱ ጋሪ ሥር ገባ። ብዙውን የጨረሰው ኮሌራ ነው።

በ1849 በሽታው በእንፋሎት መርከብ ሚሲሲፒን ይዞ ወጣ። ሰንት ሉዊስን አዳረሰ። ከዚያ ከመንገደኛው ጋር ጋሪ ተከትሎ ሄደ። በዚያ ዓመት ካሊፎርኒያ ወርቅ ተገኘ ተብሎ መንገዱ ተጨናንቋል። ሁሉም የሚሰፍረው እዚያው የትናንቱ ሰው የሰፈረበት ቦታ ነው። የትናንቱ ሰው የተጸዳዳበት አጠገብ ጥልቀት የሌላት ጉድጓድ ይቆፍርና ውሃ ይቀዳል። ኮሌራ በውሃ እንደሚተላለፍ ጆን ስኖው ለንደን ላይ ያሳየው በ1854 ነው። እነሱ ክፉ አየር ነው ብለው ነው የሚያስቡት።

አሽ ሆሎ የሚባል ሸለቆ አለ። ቁልቁለቱ ላይ የጋሪውን ጎማ በሰንሰለት አስረው እየጎተቱ ነበር የሚያወርዱት። ታች መቃብር አለ። ሬቸል ፓቲሰን፣ 18 ዓመቷ፣ በሰኔ 19፣ 1849 ሞተች። ካገባች ሦስት ወር አልሞላትም። ጠዋት ታመመች፤ ማታ ሞተች።

እትዬ የመቃብሩን ድንጋይ ስታነብ የፊቷን ለውጥ አየሁ። አገር ቤት ጤና ጣቢያ ስትሠራ የአተት ወረርሽኝ ሁለት ጊዜ አግኝቷታል።

«ስንቁን ድገምልኝ እስቲ» አለች።

ደገምኩላት። ዱቄት፣ ሥጋ፣ ስኳር፣ ቡና፣ ጨው።

«አየህ? መድኃኒቱ ጋሪው ላይ ነበር።»

ከዚያ ለአንድ ልጅ እንደምታስረዳ በጣቷ እየቆጠረች ነገረችኝ። አንድ ሊትር የፈላ ውሃ። ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ልሙጥ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። «ኮሌራ በራሱ አይደለም ቶሎ የሚገድለው። ሰውነት ውሃው ያልቃል። ውሃውን መልሰህ ካስገባህለት አብዛኛው ሰው ይድናል። እነሱ ምን ይሰጡ ነበር?»

ኦፒየም ያለበት ላውዳነም። ካሎሜል፣ ሜርኩሪ ነው። ጭራሽ ደሙን የሚያፈስሱለትም ሐኪም ነበር።

«ዘጠኝ ኪሎ ስኳር ይዘው!» አለች። ይህን የስኳርና የጨው ነገር ዓለም በሚገባ ያወቀው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ስለዚህ መውቀስ አይቻልም። እሷ ግን ለአንድ ሰዓት ያህል ስትወቅሳቸው ነበር።

ቺምኒ ሮክ ከሩቅ ታየን። ከሜዳው መሀል ወደ 100 ሜትር የሚጠጋ ጣት የመሰለ ድንጋይ። በጋሪ ለሚሄድ ሰው ከታየ በኋላ ለመድረስ ቀናት ይፈጃል። እኛ ፎቶ አንስተን አለፍን።

ስኮትስብላፍ ከተማ ዳር፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ፣ አንድ ሌላ መቃብር አለ። ርብቃ ዊንተርስ በነሐሴ 1852 በኮሌራ ነው የሞተችው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያለ ምልክት ተቀብረዋል፤ እንዲያውም አውሬ እንዳያወጣቸው መቃብሩ ላይ ጋሪ እየነዱበት ነበር የሚያልፉት። እሷን ያተረፋት አንድ የቤተሰቡ ወዳጅ ነው። የጋሪ ጎማ ብረት አጥፎ ስሟንና «ዕድሜ 50» የሚል ቀርጾ መቃብሩ ላይ አቆመ። ብረቱ ዛሬም አለ። ለሐዲዱ ስለቀረበ ለጎብኚ አደገኛ ነው ተብሎ በ1995 ዐፅሟ ትንሽ ፈቅ ብሎ እንደገና ተቀበረ።

ሰኞ፣ ከስኮትስብላፍ እስከ ላንደር

ነፋስ። ዋዮሚንግ ማለት ነፋስ ነው። መሪውን በሁለት እጅ ይዤ ነው የዋልኩት።

ፎርት ላራሚ ስንደርስ እትዬ መኪና ውስጥ ቋንጣዋን ይዛ ቀረች። እኔ ብቻዬን ወረድኩ። መንገደኛው እዚህ ሲደርስ ሲሶውን ጨርሷል፤ ተራራው ገና ከፊቱ ነው። በሬው ከስቷል። ስለዚህ የሚጥለውን የሚመርጠው እዚህ አካባቢ ነው። በ1849 መንገዱ ዳር የብረት ምድጃ፣ ቁም ሣጥን፣ መጽሐፍ፣ አንጥረኛ የሚቀጠቅጥበት ብረት ሳይቀር ተቆልሎ ይታይ ነበር። የአሳማ ሥጋው እንደ ማገዶ ተከምሮ። ተመልሼ ይህን ነገርኳትና ወደ ኋላ ወደ ጭነቱ አየሁ።

«ምጣዴን እንዳትነካ» አለች።

በሰኔ 1846 መጨረሻ ጄምስ ሪድ እዚህ አካባቢ አንድ የድሮ ወዳጁን አገኘ። ጄምስ ክላይማን፣ ተራራውን በእግሩ የሚያውቅ አዳኝ ነው። ከምዕራብ እየተመለሰ ነበር፤ ሄስቲንግስ በመመሪያው የጠቆመውን አቋራጭ መንገድ በፈረስ አልፎበታል። የተለመደውን መንገድ ያዙ፣ እንዳትለቁት አለው። ሪድ ግን ቅርብ መንገድ እያለ ለምን እዞራለሁ አለ።

ገርንሲ ላይ የጋሪ ጎማ አለቱን ቦርቡሮ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ድረስ ያወረደበት ቦታ አለ። ገብቼ ቆምኩበት፤ ደረቴ ድረስ መጣ። ሁሉም በዚያችው በአንዲት መስመር ነው ያለፈው። ስለዚህ ቦታ ሌላ የምለው የለኝም፤ ሄዳችሁ ብታዩት ነው የሚሻለው።

ማታ ላይ ኢንዲፔንደንስ ሮክ። አንድ ትልቅ ዔሊ ሜዳ ላይ የተኛ የሚመስል ድንጋይ፤ ቁመቱ 40 ሜትር ገደማ። እስከ ሐምሌ 4፣ ማለትም እስከ ነጻነት ቀናቸው፣ እዚህ የደረሰ በረዶ አይቀድመውም ይባል ነበር። ስማቸውን በመሮ ቀርጸዋል፤ መሮ የሌለው በጎማ ቅባት ጽፏል። ዛሬ ድንጋዩ ላይ መጻፍ ክልክል ነው። እትዬ ለማንኛውም በጣቷ አየር ላይ ስሟን ጻፈች።

ማክሰኞ፣ ከላንደር እስከ ፖካቴሎ

ዛሬ ትዕቢቴ ተነፈሰ።

ከላንደር ወደ ሳውዝ ፓስ የሚወጣው ዳገት ረጅም ነው። ከጭነቱ ጋር መኪናው አቃሰተ። የሙቀት መለኪያው ቀይ ገባ። ዳር ያዝኩ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት እየወጣ ነው። ስልኬን አየሁ፤ ኔትወርክ የለም። ግማሽ ሰዓት ሁለት መኪና አለፈን። ማደያ? በሰማይ።

እትዬ ምንም አልተናገረችም። ጀሪካኑን በእግሯ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

ራዲያተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን፤ በሶ በጠበጠችልኝ። ከዚያ ወደ ስምንት ሊትር ጠጣ። ተነሳን። «ውሃ ነዋ» የምትለዋን ቃል ሳትናገር እስከ ላይ ወጣን፤ ይህ ከመናገሯ የባሰ ነበር።

«ፓስ» የተራራ በር ማለት ነው። በአማርኛ «በር» ሲባል ጣርማ በርን የመሰለ ገደል ነው የሚታየኝ። ሳውዝ ፓስ እንዲህ አይደለም። ሰፊ፣ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። አናቱ ላይ መድረሳቸውን ሳያውቁ ያለፉ ብዙ ናቸው። ከፍታው 2,259 ሜትር ነው። «ከአዲስ አበባ ያንሳል!» አልኳት። የሮኪ ተራሮችን በጋሪ መሻገር የተቻለው በዚህች ሜዳ ምክንያት ነው። ከዚህ ወዲያ የሚወርደው ውሃ ወደ ፓሲፊክ ነው የሚሄደው። እዚህ ሲደርሱ ግን ገና ግማሽ መንገድ ነው።

ከሰዓት በኋላ ፎርት ብሪጀር ደረስን። ጂም ብሪጀርና ሉዊ ቫስኬዝ በ1843 ያቋቋሙት የንግድ ጣቢያ ነው። ዶነሮችና ሪዶች የመጨረሻውን ውሳኔ ያደረጉት እዚህ ነው።

ሄስቲንግስ መጽሐፉን ሲጽፍ አቋራጩን በዓይኑ አላየውም ነበር። ላም አለኝ በሰማይ። የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ከፊታቸው የሄደ ሰው እዚህ ትቶላቸው ነበር፤ አልደረሳቸውም። ሪድ በኋላ ብሪጀርና ቫስኬዝ ሆን ብለው ደብቀውብኛል ብሏል፤ አቋራጩ በጣቢያቸው በኩል ስለሚያልፍ ይጠቅማቸው ነበርና። በሐምሌ 31፣ 1846 ተነሱ። ኋላ የተቀላቀሉትን ጨምሮ 87 ሰዎች ሆኑ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አቋራጩ መንገድ አልነበረውም። የዋሳች ተራራን ጫካ እየመነጠሩ በቀን ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዱ። ከዚያ የጨው በረሃው መጣ። 64 ኪሎ ሜትር ነው ተብለው 130 ገደማ ሆኖ አገኙት። ውሃ የለም። ከ30 በላይ በሬ ጠፋባቸው። ጠብ ተነሳ፤ ሪድ አንድ ሰው በቢላ ገደለና ከጓዱ ተባረረ። ሚስቱና ልጆቹ ቀሩ። ጆርጅ ዶነር የተሰበረ ጋሪ ሲጠግን እጁን በመሮ ቆረጠው። ትንሽ ቁስል ናት። አመረቀዘች፤ በመጨረሻም የገደለችው እሷ ናት።

ካሊፎርኒያ መግቢያ ላይ ያለው የሲየራ ኔቫዳ ተራራ ሥር የደረሱት በጥቅምት መጨረሻ ነው። በረዶው ቀደማቸው። ቆዳ ቀቅለው በሉ። በታኅሣሥ አጋማሽ 17 ሰዎች ለእርዳታ በእግራቸው ተነሱ፤ ሁለቱ ተመለሱ። ከቀሩት ሰባት ብቻ ከ33 ቀን በኋላ ወጡ። የሞቱትን በልተው። አብረዋቸው ሉዊስና ሳልቫዶር የሚባሉ ሁለት የሚዎክ ተወላጆች ነበሩ። ከካሊፎርኒያ ምግብ ጭነው ሊያድኗቸው የመጡ ናቸው። የሰው ሥጋ አንበላም አሉ። በኋላ ተኩሰው ገደሏቸውና በሏቸው።

እትዬ «በቃ፣ በቃ» አለችኝ። ዝም አልኩ።

እርዳታ ይዘው የመጡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች በረዶ ከያዛቸው ካምፕ የደረሱት በየካቲት 18፣ 1847 ነው። ከ87ቱ ወደ 40 የሚጠጉት ሞተዋል። የሪድ ልጆች ግን ተርፈዋል። ታላቋ ቨርጂኒያ 13 ዓመቷ ነበር፤ በግንቦት ለአጎቷ ልጅ ደብዳቤ ጻፈች። አቋራጭ መንገድ እንዳትይዙ፣ በተቻላችሁ ፍጥነት ተጓዙ ብላ መከረች። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ የምትመክረው ያን ብቻ ነው።

ፖካቴሎ የደረስነው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነው። በጂፒኤሱ አቋራጭ አልሄድኩም።

ረቡዕ፣ ከፖካቴሎ እስከ ቤከር ሲቲ

ትኩስ ቀን። የስኔክ ወንዝን ተከትለን።

ጠዋት «ማሳከር ሮክስ» (የጭፍጨፋ ቋጥኞች እንደማለት ነው) የሚል ታፔላ አለፍን። በነሐሴ 1862 በዚህ አካባቢ አሥር መንገደኞች ተገድለዋል፤ መናፈሻው ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ከአምስት ወር በኋላ፣ በጥር 1863፣ ከዚህ ደቡብ ምሥራቅ ቤር ሪቨር ላይ የአሜሪካ ጦር ቢያንስ 250 ሾሾኒዎችን ፈጀ፤ ሴትና ሕፃን ሳይለይ። የዚያን ታፔላ አውራ ጎዳናው ላይ አላየሁም።

ደግሞ ያለ እነሱ ስንቱ ይቀር ነበር። እዚህ ወንዝ ላይ የደረቀ ሳልሞን እየለወጡ ስንቁ ያለቀበትን መንገደኛ ያበሉት እነሱ ናቸው። የወንዙን መሻገሪያም ያሳዩ ነበር።

ምሳ ግሌንስ ፌሪ በላን፤ ሦስት ደሴቶች ካሉበት መሻገሪያ ፊት ለፊት። ከደሴት ደሴት እየዘለሉ ነው የሚሻገሩት። ውሃው ከላይ ረጋ ያለ ይመስላል። ያልደፈሩት በደቡብ በኩል ባለው ደረቅ መንገድ ይሄዱ ነበር፤ ከጥማት ጋር።

በ1844 ያለፉት የሴጀር ልጆች ታሪክ ነው ከእኔ ያልወጣው። አባትና እናት፣ ሰባት ልጆች፤ ሰባተኛዋ መንገድ ላይ የተወለደች። የዘጠኝ ዓመቷ ካትሪን ከሚሄድ ጋሪ ስትዘል ቀሚሷ መጥረቢያ እጀታ ላይ ተያዘ፤ ጎማው እግሯን ሰበረው። አባት በትኩሳት ሞቶ ግሪን ሪቨር ዳር ተቀበረ። ከሳምንታት በኋላ እናትም እዚህ አይዳሆ ውስጥ ሞተች። ጓዶቻቸው ሰባቱን ልጆች ተካፍለው እየመገቡ ዊትማን የሚባሉ ባልና ሚስት ሚሲዮናውያን ጣቢያ ድረስ አደረሷቸው። ዊትማኖች ሁሉንም ወሰዱ።

ግን እዚያም አላበቃም። በ1847 ኩፍኝ ከመንገደኛው ጋር ገባ። የአካባቢው ተወላጅ ከሆነው ከካዩስ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ አለቀ ይባላል። ዶክተር ዊትማን የነጮቹን ልጆች ሲያክም ይድናሉ፤ የእነሱ ልጆች ይሞታሉ። ሰውየው እየመረዘን ነው አሉ። በኅዳር 29 ዊትማንን፣ ሚስቱንና ሌሎችን ገደሉ። ከሟቾቹ ሁለቱ የሴጀር ወንዶች ልጆች ነበሩ።

እትዬ ይህን ሰምታ «ክትባት» አለች ብቻ። ከዚያ ቦይዚ እስክንደርስ ተኛች።

ሐሙስ፣ ከቤከር ሲቲ እስከ ፖርትላንድ

ብሉ ማውንቴንስን በጠዋት ወጣን። ጥድ ሸተተን። ከአምስት ቀን ሜዳና አቧራ በኋላ እትዬ መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ከፈተችው።

ዘ ዳልስ ላይ መንገዱ ያልቅ ነበር። ከዚያ ጋሪውን ፈታትተው ታንኳና ጀልባ ላይ ጭነው ኮሎምቢያ ወንዝን ይወርዳሉ። በ1843 ወደ 1,000 ሰው በአንድ ላይ ሲመጣ ከአፕልጌት ወንድማማቾች ሁለቱ አንድ አንድ ልጅ በዚህ ወንዝ አጡ። የሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር መንገድ ተርፈው፣ በመጨረሻዋ ሳምንት። በ1846 ሳም ባርሎ ማውንት ሁድን የሚዞር መንገድ ከፈተ፤ ለአንድ ጋሪ አምስት ዶላር ያስከፍል ነበር።

ኦሪገን ሲቲ የመንገዱ መጨረሻ ነው። ከዊትማኖች ግድያ በኋላ አምስት የካዩስ ሰዎች በ1850 የተሰቀሉት እዚሁ ነው። በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ ደግሞ ለአንድ ነጭ ወንድ 320 ኤከር፣ ለባልና ሚስት 640 ኤከር መሬት በነጻ ሰጠ። ላባቸው ያን ሁሉ መንገድ ያንጠፈጠፈው ለዚህ ነው።

ለጥቁር ግን የለም። በ1844 የወጣው ሕግ ኦሪገን የሚቀመጥ ጥቁር ከጊዜ ገደቡ ካለፈ እስከ 39 ግርፋት እንዲገረፍ ያዝ ነበር። ግርፋቱ በተግባር ሳይውል ተሻረ። ጥቁር አይግባ የሚለው ግን ተመልሶ መጣ፤ በ1857 ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ገባ። የተሰረዘው በ1926 ነው።

በዚያው በ1844 ጆርጅ ቡሽ የሚባል ሰው መጣ። ፕሬዚዳንቶቹ አይደሉም፤ ጆርጅ ዋሽንግተን ቡሽ፣ ጥቁር ገበሬ። ገንዘብ ነበረው፤ ለሌሎች ቤተሰቦችም ስንቅ ገዝቶ ረድቷል። ኦሪገን ሲደርስ ሕጉ ጠበቀው። ከነቤተሰቡ ኮሎምቢያን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ሄደ፤ ዛሬ ተምወተር የሚባለው ቦታ ሰፈረ። ነጭ ጓደኞቹ ያለ እሱ አንቀመጥም ብለው ተከትለውት ሄዱ። በኋላ እህል ሲጠፋ ጎተራውን ለጎረቤት የከፈተው እሱ ነው። መሬቱን ሕጋዊ ለማድረግ ግን ኮንግረስ በ1855 ለብቻው ውሳኔ ማሳለፍ አስፈልጎታል።

እትዬ ይህን ሁሉ የሰማችው የኦሪገን ሲቲ መኪና ማቆሚያ ላይ፣ አይስክሬም እየበላች ነው።

«ታዲያ እኛን ማን አስገባን?» አለች።

«1926።»

«እሺ፣ ንዳ።»

ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰር የለውም። የትኛው ኃጢአቴ እንደሆነ እንጃ። መጀመሪያ የገባው ምጣዱ ነው። ከዚያ መሶቡ። ከዚያ ጀሪካኑ፤ አሥር ሊትር ገደማ ቀርቶታል። እትዬ ቡና ላፍላ አለች። የቧንቧውን ውሃ ትታ ከጀሪካኑ ቀዳች። «የሚዙሪ ውሃ ነው» አልኳት። «ይፈላል» አለች።

ስኳር ፈለግን። ካርቶን ከፈትን፣ ሌላ ከፈትን። ዘጠኙን ከፈትን። ስኳሩ የት እንደገባ አልታወቀም። ጨዉ ግን በርበሬው ካርቶን ውስጥ ተገኘ።

ቡናውን እንደ አያታችን በጨው ጠጣነው።